አባባ ሻንካ ከፍርስራሹ ሥር

አንድ ቀን፣ ሳምንት ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ ተራራው ተናደና የአባባ ሻንካን ቤት ዋጠው። አባባ ሻንካ የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው፤ ተጣልቶ እሳቸው ቤት ገብቶ ሳይታረቅ የወጣ የለም። እግዜር ሲያተርፋቸው ጣሪያው አንድ ጥግ ላይ ተደግፎ ቀረና ድምፃቸው በቀዳዳ ይሰማል። ጎረቤቱ አካፋ ይዞ ሲሮጥ «ባለሙያ እየመጣ ነው፣ እንዳትነኩ» ተባለ።

ባለሙያውም መጣ፤ ያውም ከሦስት አገር። አንዱ ቡድን አነፍናፊ ውሻ ይዟል፣ ሁለተኛው ማዳመጫ መሣሪያ፣ ሦስተኛው መቆፈሪያ ማሽን። ማሽኑ ሲነሳ ማዳመጫው አይሰማም፣ ማዳመጫው ሲከፈት ውሻው ይጮኻል። ሰውዬው ራሳቸው እየተናገሩ ማሽተትና ማዳመጥ ለምን እንዳስፈለገ እኔን አትጠይቁኝ። ብቻ ሦስቱ አለቆች «ማን ይቅደም?» ብለው ለስብሰባ ድንኳን ገቡ።

ቀትር አለፈ። ሰማዩ እንደገና ጠቆረ፤ አንድ ዶፍ ቢጨመር የቀረውም ጣሪያ መውረዱ ነው። ሚስታቸው ጭቃው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ከከተማ የተላከው አስተባባሪ አቶ ዘርይሁን ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለ።

«አይዞዎት አባባ። ትንሽ ይታገሡ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«እስካሁን? ምን ገጥሟቸው ነው ልጄ?»

«ማን ይቅደም በሚለው አልተስማሙም። የዓለም አቀፍ አሠራር ጉዳይ ነው፤ ለእርስዎ ማስረዳቱ ያስቸግራል።»



«ኧረ ገብቶኛል ልጄ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሳስታርቅ፣ ግትር ግትሩ ሲገጥመኝ እዚሁ ቤቴ አስገብቼ በር እዘጋበታለሁ። ሳይስማማ አይወጣም። በል እነሱንም ወደ እኔ አውርዳቸው። በሩ እንደሆነ ዛሬ ተዘግቶ ነው የሚጠብቃቸው።»

አጠገቡ ቆሞ የሰማው የቡድኖቹ አስተርጓሚ ይህንኑ ድንኳን ገብቶ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራቸው። አለቆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወዲያው ማሽኑ ጠፋ፣ ውሻው ታሰረ፣ የሦስቱም አገር ሰው ከመንደርተኛው ጋር አካፋ ይዞ ተሰለፈ። ዝናቡ ሳይጀምር አባባ ሻንካ ወጡ። ከጭቃው መሃል ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሚስታቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው ሲያለቅሱ፣ እሳቸው በሚስታቸው ትከሻ በኩል አቶ ዘርይሁንን ፈልገው አዩትና፦

«ታረቁ?» አሉት።