የመስኮቱ ሙግት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የተጣላ ማስታረቅ ነበር። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ «መድኃኒቱ በሰዓቱ ተሰጥቶ፣ ቁስሉ ታጥቦ፣ ሕመምተኛዋ ግን አልነሳም ብትል ነርስ ምን ይቀራታል?» ነው ያልሽኝ። እመልስልሻለሁ። አስቀድመሽ ይህን ሰው ስሚልኝ።

በአገሩ አያ ይርዳው ይሉታል። ድንበር ገፋኸኝ፣ ውኃ ጠለፍክብኝ የተባባለ ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል። አንድ ቀን ከእርቅ ሲመለስ በቅሎው ደንብራ ጣለችውና የዳሌው አጥንት ተሰበረ። ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሞቹ አጥንቱን በብረት ገጠሙለት፤ ሥራቸውም ሠመረ። በማግስቱ እንዲቆም አዘዙ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

የክፍሉ ነርስ ሲስተር እማዋይሽ ትባላለች። የሕመም ማስታገሻውን በሰዓቱ ትሰጠዋለች፤ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች። ካልተነሳ ሳንባው እንደሚታመም፣ ጉልበቱም እንደሚከዳው ደጋግማ አስረዳችው። እሱም በትሕትና ሰምቶ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ይልና ዓይኑን ይጨፍናል። ምግቡ እንደመጣ ይመለሳል።

በአራተኛው ቀን ስታገላብጠው ከወገቡ በታች ቆዳው ቀልቶ አየች። ደነገጠች። የአልጋ ቁስል እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ከጀመረ ደግሞ ስንቱን ሽማግሌ እንደወሰደ ታውቃለች። የምታስታምመውን ልጁን ወደ ውጭ ጠርታ አባቷ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቱም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። የጀመረውን አንድ ትልቅ የመሬት ሙግት ባለጉዳዮቹ ለሌላ ሽማግሌ ሰጥተውታል። ይህን የሰማ ዕለት «ራሱ አገላባጭ የሚፈልግ ሰው ማንን ያስታርቃል?» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር መጨዋወት ትቷል።

ሲስተር እማዋይሽ ይህን በሆዷ ይዛ ወደ ክፍሉ ስትመለስ ጭቅጭቅ ጠበቃት። በመስኮቱ በኩል እግሩ የቆሰለ ገበሬ ተኝቷል፤ ከእሱ ፊት ለፊት አስም ያለበት የቆዳ ነጋዴ። ነጋዴው ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ መስኮቱን ያስከፍታል፤ ገበሬው ብርድ ወገቤን ያዘኝ ብሎ ያዘጋል። የዚያን ቀን ሰኞ ጠዋት ነገሩ ወደ ስድብ ዞረ። ነጋዴው ከከብት ጋር ያደረ ሰው አየር ምን ያደርግለታል ሲል፣ ገበሬው ጥሬ ቆዳ ሲያሸት የኖረ ሰው ዛሬ ነው ወይ አየር የናፈቀው ብሎ መለሰለት። ጠያቂዎቻቸውም በሁለት ወገን ተሰለፉ።

ሌላ ቀን ቢሆን ሲስተሯ ራሷ አዝዛ ትገላገል ነበር። እጇን ወደ መስኮቱ ከዘረጋች በኋላ ግን ተወችው። አያ ይርዳው አልጋ ዘንድ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«አባቴ፣ ነገር ከብዶኛል» አለችው። «ሁለት ሰዎች በአንድ መስኮት ተጣሉብኝ። እኔ ባዝዝ ዝም ይላሉ እንጂ አይታረቁም። እርስዎ ይዩልኝ።»

አያ ይርዳው ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሳ፣ «የሚበርደው የትኛው ነው?» አለ።

«ገበሬው።»

«ከመስኮቱ ስንት ክንድ ይርቃል?»

«አልለካሁትም።»

«ሳይለካ ነገር ታመጪብኛለሽ?» አለና ወደ እሷ ዞረ። «እኔ ቦታውን በእግሬ ሳልረግጥ ፈርጄ አላውቅም።»

ሲስተር እማዋይሽ አንድ ቃል ብትጨምር የሚበላሽ መሰላትና የመራመጃ መደገፊያውን አመጣች። ማስታገሻውን ከወሰደ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። አልጋው ጫፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ እንዲቀመጥ አደረገችው፤ የዞረበት ጭንቅላቱ እስኪረጋ ታገሠችው። ልጁ ጋቢውን አለበሰችው። ተነሳ። ግራና ቀኝ ተደግፎ ስድስት እርምጃ ሄደ፤ ላቡ በግንባሩ ተንቆረቆረ። ገበሬው አጠገብ ወንበር ሰጡትና እንደ ወጉ ከሳሽን አስቀድሞ፣ ተከሳሽን አስከትሎ ሰማ። እስኪፈረድ ድረስ መስኮቱ ቀን እንዲከፈት፣ ሲመሽ እንዲዘጋ አዘዘ። ለገበሬው አንድ ብርድ ልብስ አስጨመረለት። ከዚያም የከሰዓቱን ነፋስ ሳላይ አልቆርጥም ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ምሳ ሲመጣ ሳሕኑን አጸዳው።

ከዚያ ወዲህ ችሎቱ ጠዋትና ከሰዓት ይሰየም ጀመር። አያ ይርዳው አንድ ቀን የመስኮቱን ቁመት ይለካል፤ አንድ ቀን ነጋዴው አልጋ ድረስ ሄዶ ትንፋሹን ያዳምጣል። መነሳት የሚችለው ሕመምተኛ ሁሉ ለመስማት ይሰበሰባል። አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ቃለ ጉባኤ ያዝ ተብሎ ደብተር ተሰጠው። ከአያ ይርዳው ወገብ በታች የነበረው ቅላትም እየከሰመ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ገበሬውና ነጋዴው ሲስተር እማዋይሽን በምልክት ጠሯት። ነጋዴው በሹክሹክታ «እኛማ ታርቀናል» አላት። «ግን ነገሩ ካለቀ ሽማግሌው ተመልሶ ይተኛል ብለን ፈራን። ጥቂት ቀን ብንጣላ ምን ይመስልሻል?»

ሲስተሯ ተጨነቀች። ሕመምተኛ ማታለል አይሆንላትም፤ ያ የቀላ ቆዳም ዓይኗ ላይ አለ። እሱ ከጠየቀኝ እውነቱን እነግረዋለሁ ብላቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። ሁለቱ በዚያ ቀን ችሎት ላይ አጥብቀው ተጣሉ፤ ጩኸታቸውን ሰምቶ ከሌላ ክፍል ሰው መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት አያ ይርዳው የልጁን እጅ አልፈልግም አለ። መደገፊያውን ብቻ ይዞ ሁለቱን አልጋዎች አልፎ መስኮቱ ዘንድ ደረሰ። ግቢውን አሻግሮ አየ። ከዚያም ወደ ጉባኤው ዞሮ፣ «እነዚህ ሰዎች ታርቀዋል፤ የታረቁትም ረቡዕ ነው» አለ።

ገበሬውና ነጋዴው ተያዩ።

«ረቡዕ ከሰዓት ገበሬው ብርቱካን ልጦ ነጋዴውን ሲያጎርሰው አይቻለሁ። የተጣላ ሰው አይጎራረስም።»

ሲስተር እማዋይሽ፣ «ታዲያ አባቴ፣ ለምን ዝም አሉ?» አለችው።

«እስከዚህ ድረስ መሄዱ ጣመኝ። ነገሩ ቢዘጋ መንገዱም የሚዘጋብኝ መስሎኝ ነበር።» ሳቁ መጣና መደገፊያውን ነቀነቀው። «ለካስ መንገዱ የራሴ ነው።»

ሁለቱን አስነስቶ ትከሻ ለትከሻ አሳሳማቸው። ቆሞ መረቀ፤ ክፍሉም አሜን ሲል ሐኪሙ ምን ተፈጠረ ብሎ እየሮጠ ገባ፤ መጀመሪያ ያየውም ባዶውን አልጋ ነበር። በሌላው ሳምንት አያ ይርዳው ከዘራ ይዞ አገሩ ገባ።

እንግዲህ ልጄ፣ መድኃኒትን አልናቅኩብሽም። አጥንቱን የገጠመው ሐኪም ነው፤ ያለ ማስታገሻውም አንዲት እርምጃ ባልሄደ። አንቺም የታዘዘውን በሰዓቱ ስጪ። ነገር ግን ወደ አንቺ የሚመጣ ሕመምተኛ ሁሉ እንደዚያ አስታራቂ ነው፤ ከመታመሙ በፊት ሰው ይፈልገው ነበር። አልጋ ሲይዝ የሚፈልገኝ ቀረ ይላል፤ ያንን ስብራት በመርፌ አትደርሺበትም። ሲስተር እማዋይሽ የደረሰችበት በእውነት የቸገራትን ነገር ለሽማግሌው በማቅረቧ ነው፤ ጠቡን ፈጥራ ብታመጣለት ኖሮ ብርቱካኑን ያየ ዓይን የእሷንም ዘዴ ባየባት ነበር።

አሁን ወደ ክፍልሽ ተመለሺ። ያቺን አልነሳም ያለችሽን ሴትዮ ደግመሽ ተነሺ አትበያት። አጠገቧ ተቀመጪና በደጉ ጊዜ ሰው ምን ፈልጎ ቤቷ ይመጣ እንደነበር ጠይቂያት። ከዚያ ውስጥ አንቺንም በእውነት የሚቸግርሽ ነገር አይጠፋምና በእሱ እንድትረዳሽ ለምኛት።