እርካብ የማትረግጠዋ ፈረሰኛ

ኑ እስኪ ቀረብ በሉ፤ ሳትሰሙኝ ግን እንዳትስቁ። ዕቃውም እንስሳውም ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ሰውም ቁጭ ብሎ በሚያደምጥበት በዚያ በድሮ ጊዜ፣ ፈረስ በሚወደድበት አገር እናኑ የምትባል ልጅ ነበረች። እናኑ እግሮቿ አይታዘዙላትም። ከተወለደች ጀምሮ አንድ እርምጃ እንኳ ተራምዳ አታውቅም። ግን ፈረስ ትወዳለች፤ እንዴት እንደምትወድ! አባቷ ቢምረው በየጠዋቱ አቅፎ ዳማ በሚሉት ፈረሳቸው ላይ ያስቀምጣታል።

በዚያ አገር መስከረም ሲጠባ ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ይወዳደራሉ። ውድድሩ የሩጫ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌዎቹ የሚያዩት የፈረሱን ጨዋነት ነው፦ ቀስ ብሎ ሲራመድ፣ ሶምሶማ ሲረግጥ፣ ፈረሰኛው ሲፈልግ ሲቆም። ያሸነፈው ፈረሰኛ ስሙ ይጠራል፤ በፈረሱ አንገት ላይም ቀይ ከፈይ ይታሰርለታል።

እናኑም «እኔም እገባለሁ» አለች።

አባቷ ፈራ። «ልጄ፣ ሦስት መስከረም እሰጥሻለሁ። በሦስተኛው ካልሆነልሽ ግን ዳማ ለአጎትሽ ይሄዳል። ወድቀሽ ስትሞቺ ማየት አልችልም» አላት።

በመጀመሪያው መስከረም እርካብ ጠራት። የዚያ አገር ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ነው የሚቀመጠው፤ እርካብም አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። ትንሽ ነው፤ ኩራቱ ግን አይጣል!

«ጣቱን እኔ ውስጥ ያላስገባ ፈረሰኛ አይባልም» አላት።

«ጣቴ እኮ አይይዝልኝም።»

«ታዲያ በጠፍር እሰሪያ!»

አሰረችው። ሜዳው መሃል ሲደርሱ ዳማ ደንገጥ አለ፤ እናኑ ወደ ጎን ተንሸራተተች፤ እግሯ ግን እንደታሰረ ቀረ። ዳማ ቀጥ ብሎ ባይቆም ኖሮ ተጎትታ ትሞት ነበር። ሰው ጮኸ። የሳቀም ነበር፤ ስሙን ግን አልነግራችሁም።

በሁለተኛው መስከረም አለንጋ መጣ። «እርካብን መስማትሽ ነው ጥፋቱ። ፈረስ የሚታዘዘው ሲፈራ ነው። አንዴ አቅምሺው» አላት።

እናኑ ሰማችው። አንዴ ብትመታው ዳማ እንደ ጥይት ተወርውሮ፣ ሜዳውን አልፎ፣ ወንዝ ዳር ደርሶ ቆመ። ሁለቱም ያለከልካሉ።

«ምነው እናኑ፣ ምን በደልኩሽ?» አላት ዳማ።

እናኑ አፈረች፤ አለቀሰችም። «ሜዳ ላይ በአፍ ማዘዝ አይፈቀድም፤ ሌሎቹ በእግራቸው የፈረሳቸውን ጎን ነካ አድርገው ይነግሩታል። እኔ በምን ልንገርህ?»

ይሄኔ ያ ዝምተኛ ኮርቻ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ጠይቃችሁኝ አታውቁም እንጂ እኔ በሁለታችሁ መሃል ነኝ። እናኑ ትከሻሽን ስታዞሪ ክብደትሽ አብሮ ይዞራል፤ ትንፋሽሽን ስትይዢ ወገብሽ ቀጥ ይላል። ይህ ሁሉ ይሰማኛል። ለዳማም አደርስለታለሁ። ግን አትቸኩሉ።»

አልቸኮሉም። ዓመቱን ሙሉ፣ በፀሐይም በጭቃም፣ ከቤታቸው ጓሮ ወዲያና ወዲህ አሉ። እሷ ቀኝ ስትለው ዳማ ግራ ሄደ፤ ቁም ስትለው አጥር ጣሰ። ተኮራረፉ፤ ታረቁ። ቀስ በቀስ ትከሻዋን ዞር ስታደርግ ይዞር ጀመር። ትንፋሿን ስትይዝ ይቆም ጀመር።

ሦስተኛው መስከረም ደረሰ። እናኑ አለንጋውን በሜዳው ዳር አጥር ላይ ሰቅላ፣ እርካቡን ባዶውን አንጠልጥላ ገባች። ዳማ ተራመደ፤ ሶምሶማ ረገጠ፤ ዞረ፤ ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳያስቡት ብድግ ብለው ነበር።

ያን ጊዜ ሻረው የሚባለው ያምናው አሸናፊ ተቆጣ። «ፈረሱ ነው እንጂ እሷ ምን ሠራች? ከላይ ተቀምጣ አይደል እንዴ! ስሟ ሊጠራ አይገባም!» ብዙዎችም «እውነቱን ነው» አሉ። የእናኑ ፊት ጠቆረ። አባቷ መሬት መሬት አየ፤ ስሟ ካልተጠራ ዳማ ዛሬውኑ ለአጎቷ መሄዱ ነው።

አለንጋ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ለዳማ አንሾካሾከ። «ብቻዬን ነኝ የሠራሁት በል። ስሙም ያንተ፣ ከፈዩም ያንተ፣ ከእንግዲህም የሚጫንህ የለም።»

ብድግ ያሉት ሽማግሌ ወደ ዳማ ቀረቡ። «አንተው ንገረን። ይህን ማን ሠራው?»

ዳማ ትንሽ አሰበ። ማሰቡን አልደብቃችሁም፤ ከፈይ ማን ይጠላል? ከዚያ ግን ራሱን ቀና አደረገ።

«ጌታዬ፣ እኔ አራት እግር አለኝ። ስወለድም ነበረኝ። እናኑ ከመምጣቷ በፊት በአራቱም ምን እሠራባቸው እንደነበር ልንገርዎት? ሣር ወዳለበት እሄድባቸው ነበር።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ እንባቸውም መጣ። ከፈዩን በዳማ አንገት ላይ አሰሩና ዞረው «እናኑ ቢምረው!» ብለው በሙሉ ድምፃቸው ተጣሩ። አባቷ ስሙ ከስሟ ጋር ሲጠራ ሰምቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያም በኋላ እናኑ ስድስት መስከረም አሸነፈች፤ በሰባተኛው ተሸነፈች፤ በስምንተኛው ደግሞ ተመልሳ አሸነፈች።

እናንተም ልብ በሉ፦ ሰውን በጎደለው ብቻ የሚመዝን፣ እዚያው ዓይኑ ሥር የተሠራው ሥራ ያመልጠዋል።