እመት ጃርትና ሁለቱ ሥሮች

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ትርንጎ፣ ማስቲካሽን ትፊ። ደሳለው፣ አፍህን ግጠም። ስምንትን በሰባት ማባዛት ያቃተው ሁሉ ዝም ብሎ ይስማኝ!

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይም ጠመኔም በሚያወራበት ዘመን፣ ማንንም የማታምን እመት ጃርት ነበረች። ጥላዋን እንኳ «ለምን ትከተለኛለህ?» ትለዋለች።

አንድ ቀን አያ ዝንጀሮ የስኳር ድንች ማሳዋን «የኔ ነው» ብሎ አንበሳ ፊት ከሰሳት። ልጆቿ ከዚያ ድንች ሌላ የሚበሉት የላቸውም።

አንበሳም «የማሳው ስፋት ሃያ አራት ካሬ ክንድ ነው። ርዝመቱ ከወርዱ በአምስት ክንድ ይበልጣል። ወርዱን የነገረኝ ይውሰደው። ገብቶ የለካ ግን ምሳዬ ነው!» አለ።

ጃርት ወደ ጠመኔ ሮጠች።

«ቀላል ነው፤ ሥሩን ማውጣት ነው» አላት።

«ድንቼን ልትነቅል? ማን ላከህ?»

«ኧረ የሒሳቡን ሥር!» አለና ድንጋይ ላይ ጻፈ፦ ወርድ በወርድ፣ ሲደመር አምስት ወርድ፣ ሲቀነስ ሃያ አራት፣ እኩል ይሆናል ዜሮ። «በይ፣ ሲባዙ ኔጌቲቭ ሃያ አራት፣ ሲደመሩ አምስት የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች አምጪ።»

«አሥራ ሁለትና ኔጌቲቭ ሁለት?»

«ድምሩ አሥር። አይሆንም።»

«ስድስትና ኔጌቲቭ አራት?»

«ድምሩ ሁለት። አይሆንም።»

«ስምንትና ኔጌቲቭ ሦስት?»

«ያዝሻቸው!»

ጠመኔ ሁለት ቅንፍ ሠራ። ባንዱ ወርድ ሲደመር ስምንት፣ በሌላው ወርድ ሲቀነስ ሦስት። «ተባዝተው ዜሮ ከሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ነው» አለ።

«ብያለሁ! ከሁለታችሁ አንዱ ባዶ ነው!» ጃርት እሾኋን አቆመች። «በየተራ ውጡ!»

ካንዱ ቅንፍ ሦስት ወጣ። ከሌላው ኔጌቲቭ ስምንት አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አድብቶ የነበረው ዝንጀሮ ኔጌቲቭ ስምንትን ላፍ አድርጎ አንበሳ ፊት አቆመው። «ጌታዬ፣ ወርዱ ይኸው! አምስት ሲደመርበት ርዝመቱ ኔጌቲቭ ሦስት ነው። ያባዟቸው!»

አንበሳ አባዛ። እውነትም ሃያ አራት! ሦስትን ይዛ የተከተለችው ጃርት ክው አለች። ግን ጠርጣራ አይደለች? ኔጌቲቭ ስምንትን ዞረችው፣ አሸተተችው።

«አንተ፣ ካንዱ ዳርህ እስከ ሌላው ዳርህ ስንት ክንድ ነው?»

«እ... ከምንምም በስምንት ያንሳል» አለ እያፈረ።

«ጌታዬ፣ ወርዱ ሦስት፣ ርዝመቱ ስምንት ነው» አለች ጃርት።

«የኔም ሃያ አራት ሰጥቷል እኮ!» ጮኸ ዝንጀሮ። «ሁለቱም ትክክል ነው!»

«እሺ አያ ዝንጀሮ» አለች ጃርት፣ «ወርዱ ሦስት የሆነው ማሳ የኔ፣ ኔጌቲቭ ስምንት የሆነው ያንተ። በል፣ ግባና ቆፍር!»