ደወል፣ እጅና ቀርከሃ

በአንድ ወቅት ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ የሚመለከታቸው ሰዎች ዛሬም በሕይወት ስላሉ አልናገርም። ክረምት ከገባ ጉም በማይለቃት፣ ጓሮዋ ሁሉ ቀርከሃ በሆነ አንዲት የደጋ መንደር፣ አያ ጥጋቤ የሚባሉ ሰው ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ሦስቱም ተራ በተራ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። አያ ጥጋቤ አንዷ ሐኪም፣ አንዷ መሐንዲስ፣ አንዷ ዳኛ ትሆንልኛለች እያሉ በየሰንበቴው ሲያወሩ ከረሙ። ልጆቹ ግን ምን ቢመርጡ ጥሩ ነው?

ትልቋ የሻረግ የመሬት መንሸራተትን መረጠች። ተራራ ለምን እንደሚናድ፣ ከመናዱ በፊት ምን ምልክት እንደሚያሳይ የሚያስተምር ትምህርት ነው። መካከለኛዋ ማዘንጊያ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚነጋገሩበትን የምልክት ቋንቋ መረጠች። ትንሿ ዝናሽ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ቀርከሃ መረጠች። «ጓሮዬን የሞላውን ነገር ለመማር ነው ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የሄደችው?» ብለው አባቷ አዘኑ። መንደሩ ግን ሳቀ። ተመርቀው ሲመለሱ «አንዷ አፈር ታያለች፣ አንዷ እጇን ታወናጭፋለች፣ አንዷ አጥር ታጥራለች» ይባል ነበር። እናንተም ብትሆኑ ትስቁ ነበር፤ አትዋሹኝ።

በዚያው መንደር ትርንጎ የምትባል ወጣት ሚስት ነበረች። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ባሏ ላቀው እጅግ ይወዳታል፤ ነገር ግን በእጁ የሚያውቀው «ብዪ»፣ «ነዪ» እና «ደክሞኛል» ብቻ ነበር። ማዘንጊያ ተምራ ከመጣች በኋላ ግን ትርንጎ ቋንቋ አገኘች። ሁለቱ በራፍ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ሲያወሩና ሲስቁ ይውላሉ። ለመንደሩ ሰው ሁሉ የምልክት ስም አወጡለት። የላቀው ስም ግራ ቅንድቡ ላይ ባለው ጠባሳ ነበር፤ ቅንድብን በጣት ነካ ማድረግ። ከላቀው እናት ከእማማ ሽቱ ጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ ይቺን ምልክት ያውቃታል። ትርንጎ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ወሯ ገብቶ ነበር።

ያ ክረምት ክፉ ክረምት ነበር። ዝናቡ ቀን አይል፣ ሌሊት አይል፣ ወረደ። የሻረግ ከመንደሩ በላይ ካለው የድንች ማሳ አጠገብ መሬቱ ተሰንጥቆ አገኘችው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ተክላ ክር ወጠረችበት። በማግስቱ ክሩ ተበጥሶ ጠበቃት። ወደ መንደር ወርዳ ከቤት ቤት ዞረች።

«በራችሁ እሺ ብሎ ይዘጋል?»

«ኧረ ሰሞኑን አልዘጋ ብሎናል። እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ነው።»

«እንጨቱ አይደለም። ቤቱ ራሱ እየሄደ ነው። ውጡ።»

ሳቁባት። ምንጩ ድንገት ደፍርሶ ጭቃ መትፋት ሲጀምር አንዳንዶቹ መሳቃቸውን ተዉ፤ ግን ፈራሁ ያለ የለም። በዚያ ዝናብ ቤቱንና ከብቱን ጥሎ ማን ይወጣል? ሴቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው መተኛት ጀመሩ፣ ወንዶቹም በየምክንያቱ ቀና እያሉ ተራራውን ያዩ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የሻረግ ከማሳው ስትወርድ ፊቷ አመድ ሆኖ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ከመንደሩ በታች ያለውን ወንዝ በእንጨት ድልድይዋ ተሻግራ፣ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ጉብታ ወጣችና ደወሉን ትደውለው ጀመር። ያለ ሰዓቱ ደወል ሲሰማ በዚያ አገር እሳት ተነሥቷል ማለት ነው። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ በድልድይዋ ላይ እየተጋፋ ተሻገረ። ሲደርሱ እሳት የለም። ቄሱ «ማን ፈቀደልሽ?» ብለው ሲቆጡ፣ አንዱ ዱላውን ሲያነሣባት፣ ተራራው አቃሰተ። የሰሙት ዛሬም ያወሩታል። ከዚያ የተራራው አንድ ጎን ወርዶ ወንዙ ውስጥ ገባ፣ የተገፋው ውኃም ድልድይዋን ጠርጎ ሄደ።

ሁሉም የራሱን ሰው በዓይኑ ፈለገ።

«ትርንጎስ?» አለች ማዘንጊያ።

የሻረግ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደወል ለማይሰማ ሰው ምኑ ነው? መንደር ሙሉ ሰው ስታወጣ አንዲቷን፣ ያውም የእህቷን ጓደኛ፣ ረስታለች።

ትርንጎ ቤቷ ጋደም ብላ ነበር። የመሬቱ መንቀጥቀጥ በጀርባዋ ተሰማት። ተነሥታ ብትወጣ ቤቱ ሁሉ ክፍት ነው፣ ሰው የሚባል የለም። እስቲ አስቡት፤ ከእንቅልፍ ስትነቁ አገሩ ባዶ! ሆዷን ይዛ ወደ ወንዙ ሮጠች። ከማዶ ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ጮኸ፣ ሁሉም እጁን አወናጨፈ። ገሚሱ «ነዪ» ይላል፣ ገሚሱ «ከዳሩ ራቂ» ይላል። እሷ ዓይኗ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተንከራተተ ደርቃ ቀረች። ከኋላዋ የቀረው ተራራ ድንጋይ መልቀቅ ጀምሯል።

«እጃችሁን አውርዱ!» ብላ ማዘንጊያ ጮኸች። «እየጮኻችሁባት እኮ ነው!»

ሰዉ እጁን አወረደ። ማዘንጊያ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ብቻዋን ወጥታ በእጇ ተናገረች። እዚያው ቁሚ። ዓይንሽን ከእኔ አትንቀዪ። ዝናሽ መሻገሪያ እያበጀች ነው። በዚያ የውኃ ጩኸት አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም፤ ሁለቱ ግን ወንዝ ተሻግረው ተግባቡ።

ዝናሽ እውነትም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ቀርከሃ ውስጥ ገብታ ነበር። ወንዶቹ ረዥሙንና ለምለሙን ሊቆርጡ ሲሉ «ተዉት፣ እሱ ገና ነው፤ መካከል ላይ ይጎብጥባችኋል» አለቻቸው። ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ እያደረገች፣ ልጡ ላይ ነጭ ሽበት ያወጣውን፣ የደረሰውን ለየች። በመጫኛ ጠፍራ አሰረችውና ወደ ማዶ ገፉት። የማዶው ዳር ግን ጭቃ ነው፣ ጫፉን ሊሸከም አልቻለም። ዝናሽ ወገቧን በገመድ አሰረች።

«እታለም፣ ገመዱን አጥብቀሽ ያዥልኝ» አለቻት የሻረግን፤ ቀርከሃው ላይ በደረቷ እየተሳበች ተሻገረች። ተራራው ወዳለበት በኩል፣ ልብ አድርጉ። ውኃው ውስጥ ቆማ የቀርከሃውን ጫፍ በትከሻዋ ተሸከመች።

ይኼኔ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ። «ትርንጎ! ትርንጎ!»

ላቀው ነው። ማሳ ላይ ነበር፤ ደወሉን ሲሰማ ሚስቱ እንደማትሰማ ያውቃልና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ወደ ቤቱ ሮጠ። እሱ ሲደርስ እሷ ወደ ወንዙ ወርዳለች፤ ተላለፉ። አሁን በባዶ ቤቶቹ መካከል እየዞረ፣ የማትሰማ ሚስቱን በስሟ ይጣራል። ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል። ከማዶ ሁሉም «ወደ ወንዙ! ወደ ወንዙ!» ብሎ ጮኸ፣ ዝናሽም ካለችበት ጮኸች። ጉሙና ውኃው ድምፁን በታተኑት። ላቀው አንዴ ቀረብ ይላል፣ አንዴ ይርቃል።

ትርንጎ ቀርከሃው ላይ ልትወጣ ስትል ቆመች። ማዘንጊያን አየቻትና ቅንድቧን ነካች። የት ነው?

የላቀው ድምፅ ከኋላዋ እየመጣ ነው፣ የማትሰማው እሷ ብቻ ናት። ብታውቅ ትመለሳለች፤ ይህን ያላወቀ አልነበረም። እማማ ሽቱ የልጃቸውን ጥሪ እየሰሙ ከማዘንጊያ አጠገብ ቆመዋል።

ማዘንጊያ ቅንድቧን ነካች። ከዚያ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ሕዝቡ አመለከተች። እዚህ ነው። ከእኛ ጋር ነው። ነዪ።

እማማ ሽቱ ምልክቷን ያውቋታል። አንድ ጊዜ ጣታቸውን ወደ ጉሙ ቢቀስሩ ትርንጎ ትመለስ ነበር። ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ትርንጎ ተሻገረች። እግሯ ጉብታውን እንደረገጠ የማዶው ዳር ተደረመሰ፣ ቀርከሃውም የዝናሽን ትከሻ ከድንጋይ ጋር ጨፈለቀው። በገመዱ ጎትተው አወጧት። እየተጎተተች እንኳ «ሌላ ቀርከሃ ቁረጡ፣ ላቀው አለ!» ትል ነበር። ሊቆርጡ ሲሮጡ የቀረው ተራራ መጣ። ከዚያ በኋላ ከጉሙ ውስጥ የተጣራ የለም።

ትርንጎ ሕዝቡ መካከል እየዞረች የባሏን ፊት ፈለገች። ሲመሽም ትፈልግ ነበር።

መንደሩ ከተራራው ርቆ ሜዳ ላይ ሰፈረ። ትርንጎ ሴት ልጅ ወለደች። እንደምታውቁት ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ክርስትና እናቷም አንዲት ብቻ ናት። ልጅቱን ከቄሱ እጅ የምትቀበል፣ እናት ብትጎድል እናት የምትሆን ሰው ናት። አባቷን ላጣች ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስቱም እህቶች ልጅቱን ፈለጓት፣ ሽማግሌዎችም ሰበሰቧቸው።

«ደወሉን ባልደውለው ማዶ ቆሞ ገመድ የሚስብ ሰውም አይተርፍም ነበር» አለች የሻረግ። «ትርንጎን ረስቻታለሁ፣ አልክድም። ላቀውም የሞተው እኔ የረሳኋትን ሊያወጣ ሄዶ ነው። ልጁን ላሳድግለት።»

«እኔ ዋሽቻለሁ» አለች ማዘንጊያ። «ያ ቀን ቢመለስ ደግሜ እዋሻለሁ። ይቺ ልጅ በሕይወት ያለችው በዚያ ውሸት ነው። ደግሞስ እናቷን በቋንቋዋ የማናግራት እኔ፤ እናትና ልጅን ከእኔ ሌላ ማን ያግባባቸዋል?»

ተራው የዝናሽ ሆነ። የተጨፈለቀው ትከሻዋ አልዳነም፣ ግራ እጇ አይነሣም። አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ በምን እጅሽ ታቅፊያታለሽ?» ሲሏት ዕንባዋ መጣ።

«በቀረው» አለች።

ሽማግሌዎቹ ወደ እማማ ሽቱ ዞሩ። «እኔን ተዉኝ» አሉ እማማ ሽቱ። «እኔ ያን ቀን ፈርጄ ጨርሻለሁ።»

የቀረችው ትርንጎ ናት። ስለ ላቀው ጥሪ ቆይታ ስታውቅ ማዘንጊያን አንድ ጊዜ ብቻ አናገረቻት። «ቋንቋ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። በእሱው ዋሸሽኝ» አለቻት በእጇ። ከዚያ ወዲህ ማዘንጊያ እጇን ስታነሣ ትርንጎ ፊቷን ታዞራለች። ልጅቱን ያተኮሳት ቀን ግን ለጤና ባለሙያዋ የሚያስረዳላት ሌላ ሰው ስላልነበረ ወደ ማዘንጊያ ቤት ሮጠች። ሰማዩ ሲጠቁር ልጅቱን ይዛ የሻረግ ቤት ትገባና፣ ተራራው ያሰጋ እንደሆነ ከፊቷ ለማወቅ ስታያት ትቆያለች። ዝናሽን መንገድ ላይ ካገኘቻት ደግሞ ያንን ትከሻ ሳትስም አታልፍም። ሽማግሌዎቹ መላ ቢያጡ «እናቷ ትወስን» ብለው ተነሡ።

የክርስትናው ጠዋት ደረሰ። ቄሱ «ማን ትቀበላት?» ብለው ጠየቁ፤ እማማ ሽቱም ጥያቄውን ለትርንጎ በዓይናቸው አስረዷት። ትርንጎ ልጅቱን በሁለት እጇ አቅፋለች፣ እጇ ተይዞ ስም መጥራት አትችልም። ለአንዷ ማስረከቧ ራሱ መልስ ነው። ሦስቱ እህቶች ፊት ለፊቷ ቆመዋል። አንዷ መንደሩን አውጥታ እሷን የረሳች ናት። አንዷ በውሸት ያዳነቻት ናት። አንዷ ልጅ የምታቅፍበትን ክንድ ለእሷ ስትል ያጣች ናት። ልጅቱ አለቀሰች፣ ትርንጎ አልሰማቻትም፤ ደረቷ ላይ ስትንቀጠቀጥ ግን ተሰማት፣ አንድ እርምጃም ወደፊት ተራመደች።

እኔ እዚህ ጋ አበቃሁ፤ የቀረውን እናንተ ተከራከሩበት። እናንተ በትርንጎ ቦታ ብትሆኑ ልጅቱን ለማን ትሰጧት ነበር?