የዶክተር ልሳነወርቅ ዋይፋይ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ፣ ምላሷ ሰው የማይፈራ አንዲት ሴት ነበረች። ለግቢው ኔትወርክ ስዊችና የዋይፋይ መቆጣጠሪያ ሲመረጥ፣ ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ልሳነወርቅ የባለሙያዎቹን ምክር ገፍተው ብዙ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበትን ዕቃ አስገዙ። «እኔ ያላወቅሁትን እናንተ ከየት አወቃችሁት?» ብለው አፋቸውን አስዘጓቸው።

ዕቃው ተተከለ፤ ዋይፋዩ ግን ከፕሬዚዳንቱ ሕንፃ ውጭ አልሠራ አለ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለመላክ በየካፌው ሲንከራተቱ ሴትዮዋ በየቀኑ ታይ ነበር። «ኔትወርክ የለም» እያለች ባገኘችው ሰው ሁሉ ፊት ትናገር ጀመር፤ ወሬውም ከዶክተሩ ጆሮ ደረሰ።

ኔትወርኩ በተመረቀበት ዕለት ዶክተሩ ከበላይ አካል የመጡ እንግዶችን አስከትለው ቤተ መጻሕፍት ገቡና በቀጥታ ወደ እሷ ሄዱ።

«አንቺ! ኔትወርክ የለም እያልሽ ታስወሪያለሽ አሉ። እስቲ ስልክሽን አውጪና በእንግዶቻችን ፊት ተናገሪ፤ አለ ወይስ የለም?»

ስልኳን አወጣች። የዋይፋዩ ስም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስትነካው ግን አይገናኝም። የለም ብትል ስሙ ውሸታም ሊያደርጋት ነው፤ አለ ብትል ተማሪዎቹን መካድ ነው። እንግዶቹ አፍ አፏን ያያሉ።

«ኧረ አለ፣ ዶክተር» አለች እጅ ነስታ። «እንዲያውም ቁርጥ እርስዎን ነው። ስሙን በሄድንበት ሁሉ እናያለን፤ ለጉዳይ ስንፈልገው ግን አግኝቶት የሚያውቅ ሰው የለም።»