የታች ወደቡ ጠረጴዛ

በዘንባባ ደሴት ሪፐብሊክ፣ ሰው ተቻኩሎ አንዱን አገኝ ሲል ሌላው ሲያመልጠው የሚነገር አንድ አባባል አለ። ዓሣ አጥማጁም ይለዋል፣ ዳኛውም ይለዋል፣ እናትም ልጇን ስትገሥጽ ጣል ታደርገዋለች። ከምን እንደ ተነሣ ብትጠይቋቸው ግን አብዛኞቹ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፏችኋል። አይፈረድባቸውም። ዛሬ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ባለ አራት ፎቅ ነው፤ ባለ ጉዳይ ቁጥር ይዞ ይጠብቃል። የድሮውን ቤት ያዩ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው።

የድሮው ጽሕፈት ቤት አንድ ክፍል ነበር። ታች ወደብ፣ ጀልባዎች ከሚታሰሩበት አሸዋ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ በባሕር ድንጋይና በኖራ የተሠራ ቤት። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ባለ ጉዳይ እግሩን አራግፎ ይገባል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምሳ ላይ ሳሉ ከደረሰም "እንብላ" ይባላል እንጂ "ተመለስ" አይባልም። በቤቱ መካከል ጠረጴዛው አለ። ከብዙ ዘመን በፊት ማዕበል ከሰባበረው ትልቅ መርከብ የወጣ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ወፍራም ሳንቃ ነው። በደሴቲቱ ልማድ፣ መንግሥት ፊት የሚናገር ሰው እጁን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፋል፤ እጁን ያሳረፈ አይዋሽም። ውሳኔም እሱ ላይ ካልታተመ ማንም አይቀበለውም። ከእጅ ብዛት ጠርዙ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሶ ነበር።

ማኅተሙን የምትይዘው ወይዘሮ ማንያህልሻል ነበረች። ቤቱን የሠሩት አባቷ፣ ግንበኛው አጥላባቸው ናቸው። እሷም ልጅ ሆና የኖራውን ውሃ አመላልሳለች። ሁልጊዜ ጧት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ጠረጴዛውን በዘይት ጨርቅ ትወለውልና ትንሽ ትቀመጣለች። የአሮጌ እንጨትና የጨው ሽታ ይመጣል፤ በበሩ ልክ የተቆረጠ ሰማያዊ ባሕር ይታያል። ከዚያ ሌላ ሀብት አልነበራትም፤ አልፈለገችምም።

አንድ ጊዜ የምርጫ ዘመን መጣ። በደሴቲቱ በሌላው ጫፍ ያሉት የላይ ወደብ ሰዎች ሁልጊዜ "መንግሥት የታች ወደብ ብቻ ነው ወይ?" እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ አንደበተ ርቱዕ ተወዳዳሪ ይህን ሰሙና ወደዚያው ሄዱ። "ድምፃችሁን ስጡኝ፣ ጠረጴዛውን ውሰዱ!" አሏቸው። ሰጧቸው፤ አሸነፉ። ሳምንት ሳይሞላ ከላይ ወደብ መልእክት መጣ፦ "እስከ ቅዳሜ ጠረጴዛው ካልደረሰ ድምፃችንን መልሱልን።"

ዓርብ ጧት አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ድጅኖና ገመድ የያዙ ዐሥራ ሁለት ሰዎች አስከትለው ከተፍ አሉ።

"ወይዘሮ ማንያህልሻል፣ ወረቀቱን አንሡልን። ጠረጴዛው ዛሬ ይሄዳል።"

"ወዴት?"

"ላይ ወደብ ነዋ! ቃል ገብቻለሁ።"

"ክቡርነትዎ፣ እሱ እኮ አይወጣም። ሁለቱም ጫፎቹ ግድግዳው ውስጥ ናቸው።"

"ግድግዳ ይበሳል።"

"ግድግዳዎቹን ግራና ቀኝ ጨብጦ ያቆማቸው እሱ ነው። መሠረቱ አሸዋ ነው፤ አባቴ ሲሠሩት አይቻለሁ። እሱ ከወጣ ወደ ውጭ ይሸሻሉ።"

አቶ ልሳነወርቅ ወደ ሰዎቹ ዞረው ሳቁ። "እስቲ ስሙልኝ! ግድግዳ ጠረጴዛ ሲይዝ እንጂ ጠረጴዛ ግድግዳ ሲይዝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?"

ሁሉም ሳቀ። ያልሳቀ ቢኖር ጠረጴዛውን በጀልባው ሊወስድ የተጠራው ሽማግሌው ጀልበኛ አያ ቢተው ብቻ ነው። "የግንበኛ ልጅ ናት" አለ። "እኔ ብሆን እሰማታለሁ።"

"አንተ ለጀልባህ አስብ!"

ከሰዎቹ አንዱ ነገሩን ሊያቀል ፈልጎ፣ "ታዲያ ጫፍ ጫፉን በመጋዝ ብንቆርጠውስ?" ቢል፣ አሁን የሳቁት ሁሉ ደነገጡ። "መጋዝ? ሪፐብሊኩን በመጋዝ?" ብለው አፉን አስያዙት።

"እባክዎ፣ ሌላ ጠረጴዛ ይሠራላቸው" አለች ማንያህልሻል።

"ሌላ ጠረጴዛ ላይ የታተመ ወረቀት ማን ይቀበለኛል? እርስዎ ይቀበላሉ?"

እሷም አትቀበልም ነበር። ስለዚህ የቀራትን አንድ ነገር አደረገች፤ እንደ ባለ ጉዳይ ከፊታቸው ቆማ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

"ቤቱ ይወድቃል" አለች።

ሰዎቹ ድጅኗቸውን ዝቅ አደረጉ። እዚያ እጅ አሳርፎ በከንቱ የተናገረ ሰው ማንም አያስታውስም። አቶ ልሳነወርቅ እንኳ ለአፍታ ድጅኖዎቹን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ የላይ ወደብ ሰዎች ትዝ አሏቸው መሰለኝ፣ "ነገ ቅዳሜ ነው" አሉ። "ቶሎ በሉ!"

"እንግዲያው ሰው ይውጣ። መዝገቡን እስካወጣም ይታገሡኝ።"

ይህን ፈቀዱላት። የልደቱን፣ የወሰኑን፣ የዕርቁን መዝገብ በየተራ ታቅፋ አሸዋው ላይ ደረደረችው። የማን አባት ከማን ጋር በየትኛው ዓመት እንደ ታረቀ ገልጣ ሳታይ ታውቀዋለች። ባዶ እጇን ልትመለስ ስትል አያ ቢተው ክንዷን ያዛት። "ይበቃል እቱ፤ አትግቢ።"

ሰዎቹ ግድግዳውን ከውጭ በሱት፤ ጫፉ ላይ ገመድ አሰሩና "ሆ!" እያሉ ሳቡ። ጠረጴዛው እንደ ታመመ ሰው አቃሰተና ሳብ ሳብ እያለ ወጣ። ቤቱ አልተነቃነቀም።

"አዩ?" አሉ አቶ ልሳነወርቅ ወደ ማንያህልሻል ዞረው። "አዩ፣ ወይዘሮ?"

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ሁለቱ ግድግዳዎች፣ የደከመው ሰው ጉልበት እንደሚከዳው፣ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ተንሸራተቱ። ጣሪያው መካከል ላይ ዘጭ አለ። የኖራው አቧራ ጀልባዎቹን ሁሉ አለበሰ።

አቧራው ሲሰክን ማንያህልሻል ቤቱ በነበረበት በኩል አየች። በበሩ ልክ ብቻ ታውቀው የነበረው ባሕር ሙሉውን ተዘርግቷል። ያን ያህል ሰፊ መሆኑን አልወደደችውም። ማኅተሙን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጠረጴዛውን ተከትላ ጀልባው ላይ ወጣች፤ የምትሄድበት ሌላ ቢሮ አልነበራትም።

በማግስቱ ላይ ወደብ ሲደርሱ ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። ለጠረጴዛው የተሠራው አዲስ ቤት ነጭ ተቀብቶ ይጠብቃል። ዐሥራ ሁለቱ ሰዎች ተሸክመው በሩ ላይ ደረሱ። በቁሙ ቢሉት አልገባም። በጎኑ ቢሉት አልገባም። አቶ ልሳነወርቅ ላባቸውን ጠርገው፣ "ምን ትጠብቃላችሁ? ግድግዳውን ብሱልኝ!" ብለው ጮኹ።

ያን ጊዜ የላይ ወደብ ሽማግሌ አባባ ደስይበለው በትራቸውን በሩ ላይ አጋደሙ። እንግዶቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ፀጉሯ ድረስ ኖራ የለበሰችው ማንያህልሻል ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

"ልጆቼ" አሉ፣ "የታች ወደቡ ቤት ምን ሆነ?"

ዐሥራ ሁለቱም አቀረቀሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ገመዱን እየጠቀለለ ከኋላ የቆመው አያ ቢተው ግን ቀና ብሎ መለሰላቸው፦

"ምን ይሆናል አባባ፤ ጠረጴዛ ሊያወጡ፣ ጣሪያ አጡ።"