አንቀልባና የኢንጂነሩ ፎቶ

ልጇን አዝላ አንቀልባ እየሰፋች የምትሸጥ አንዲት ሴት፣ ገበያ ቢቀዘቅዝባት ጊዜ ድረ ገጽ እንዲሠራላት ኢንጂነር ዳምጠውን ለመነችው። ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ በስልኩ ሲያሳያት ግን አንቀልባዎቿ ከግርጌ ተኮራምተዋል፤ ከላይ ክራቫት ያጠበቀ የራሱ ፎቶ ተንሰራፍቷል። ይህን ያየ ገዢ ምን ሊገዛ ይመጣል?

«ኢንጂነር፣ እባክዎ ፎቶውን ያውርዱልኝ» አለችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ! ወይ ፎቶዬ ይቆያል፣ ወይ ገጹን አጠፋዋለሁ። ምረጪ!»

ሴትዮዋ የሚነጫነጨውን ልጇን እሹሩሩ እያለች ትንሽ አሰበች።

«እሺ ጌታዬ፣ ይቆይ። ብቻ ከሥሩ አንድ ነገር ይጻፉልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«‹አንቀልባችን ይህን የሚያህል ሕፃንም ይችላል› ብለው!»